አራት የልጅነት ጓደኛሞች ነን፤ "አንዱን ስልት ምረጡ" ተባልን። እንምረጥ?

የደቻቱ_ልጅ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:10

ሰላም የመድረኩ ቤተሰብ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ድሬዳዋ ውስጥ አራት ሆነን ባንድ አለን። የጓደኞቼን ስም ሳላስፈቅድ መጻፍ አልፈልግም፤ በመሣሪያቸው ልጥራቸው። ኡድ (ባለ ክር የዐረብ መሣሪያ) አለ፣ ቤዝ አለ፣ ድራም አለች። እኔ ኪቦርድ ነኝ። ባንዱ እስካሁን ስም አላወጣንለትም።

የተገናኘነው በ1998 ክረምት ነው። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞላ። የድሬ ሰው ያውቀዋል፤ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። የዚያን ሌሊት ግን ውሃው ከላይ ከተራራው ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። የእኛም ቤት ሄደ። መጠለያ ድንኳን ስንገባ የ8 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አጠገባችን ያለው ድንኳን የኡድ ቤተሰብ ነበር። አባቱ ከቤት ያወጡት ዕቃ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ኡዳቸውን ግን በሽርጥ ጠቅልለው፣ በራሳቸው ተሸክመው ይዘውት ወጥተዋል። ማታ ማታ ይጫወቱልን ነበር። እኛ ልጆቹ ጀሪካን እየደበደብን እንከተላለን። ድራም ያኔም ከሁላችን ትበልጥ ነበር። አንዱን ጀሪካን ውሃ ትጨምርበታለች፣ ሌላውን ባዶ ትተወዋለች፤ ከሁለቱ ሁለት ዓይነት ድምፅ ታወጣለች።

ባንዱ የተመሠረተው ያኔ ነው ብል አልዋሸሁም።

አሁን የምንጫወተውን ልንገራችሁ። ኡድ ከአባቱ የወረሰውን የሶማሌ ዜማ ይጫወታል። ቤዝ ሬጌ እየሰማ ነው ያደገው። ድራም የሐረርጌ ኦሮሞ ናት። የሸጎዬ ጭፈራ ደሟ ውስጥ አለ፤ እሷ ራሷ ግን ሮክ ትወዳለች። እኔ ቤት ውስጥ ስሰማ ያደግኩት ትዝታና አምባሰል ነው። አራታችን ስንቀመጥ ሁሉም ይወጣል። አንድ ዘፈናችን በአንቺሆዬ ቅኝት ይጀምራል፣ መሃል ላይ ቤዝ ወደ ሬጌ ያዞረዋል፣ መጨረሻው ላይ ኡድ በሶማሊኛ ይዘፍናል። አንድ ሌላ ደግሞ ከሐረር ዚክሪ የወሰድነው ምት አለው። ሰው "ይሄ ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው?" ሲለን መልስ የለንም።

ባለፈው ወር አዲስ አበባ ወጣን። አንድ የስቱዲዮ ባለቤት ሦስት ዘፈን ሰማልን። ቅን ሰው ነው፣ ምሳ ጋብዞናል። "ልጆች፣ ጎበዝ ናችሁ፤ ቅርፅ ግን የላችሁም። ሶማሌ ነው? ሬጌ ነው? አንዱን ምረጡና ተመለሱ" አለን። አውቶቡስ ውስጥ ማንም ቃል አልተነፈሰም። አዋሽን ካለፍን በኋላ ቤዝ "ሰውየው እኮ ልክ ነው" አለ። ኡድ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከዚያ ወዲህ አራታችን አንድ ላይ ለልምምድ አልተቀመጥንም።

እንምረጥ ወይ? ምክራችሁን እፈልጋለሁ።

ቀፊራ_ማለዳ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:25

አቦ ወንድሜ፣ ሳንሰማ ምን እንበልህ? ድምፅ ላክ።

የደቻቱ_ልጅ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:48

ይኸው፣ ሁለት ዘፈን አያይዣለሁ። በስልክ የተቀዳ ነው። የምንለማመድበት ክፍል ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ በሩም ከመንገድ ጋር የተያያዘ ነው። ባጃጅ ሲያልፍ ይሰማል።

ሳቢያን_ቤዝ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5:30

ሁለቱንም ሦስት ሦስት ጊዜ ሰማኋቸው። እኔ 18 ዓመት በሠርግና በሆቴል ቤዝ ተጫውቻለሁ። እንደ ሙያ ወንድም ልናገር።

የስቱዲዮው ሰው የሆነ ነገር ሰምቷል። ስሙን ግን የሳተው ይመስለኛል። የእናንተ ችግር የስልት መብዛት አይደለም። ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ እየመራ ነው። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ኡዱ ዜማውን ይዞ ይሄዳል። አንተ ያንኑ ዜማ በኪቦርድ ከላይ ትደግመዋለህ። ቤዙ ደግሞ የራሱን ዜማ ያወራል። አድማጭ ማንን ይከተል? ኡዱ ሲናገር ሌሎቻችሁ ዝም በሉ። ዝም በሉ ስል አቁሙ ማለቴ አይደለም፤ መሬቱን ያዙለት።

ምቱ ላይ ግን ልቤን ነክታችሁታል። ችክችካ ስድስት ምት ነው፣ ሦስት ሦስት ሆኖ ይከፈላል። ሬጌ አራት ነው። ብዙ ሰው አይገጥሙም ብሎ ይተዋቸዋል። የሬጌውን እያንዳንዱን ምት ለሦስት ብትከፍሉት ግን አሥራ ሁለት ይሆናል። ሁለት ዙር ችክችካም አሥራ ሁለት ነው። ችክችካውን ትንሽ ቀዝቀዝ ካደረጋችሁት አንዱ በሌላው ላይ ልክክ ይላል። ድራም የምትመታው እህታችን ይህን ከወረቀት ያገኘችው አይመስለኝም። እግሯ ነው የነገራት። ቀረጻው ሁለተኛ ደቂቃ ላይ ባስ ድራሙን በእግሯ ወደ ሬጌ አውርዳ እጇን ችክችካው ላይ ታስቀራለች። ያንን ቦታ ብቻ አሥር ጊዜ መልሼ ሰምቼዋለሁ።

የሶማሌ ጭፈራ ዳንቶም ለሬጌ ሩቅ አይደለም። ምቱን ጎን ለጎን ለሰማ ዝምድናው ግልጽ ነው። ስለዚህ ኡድና ቤዝ የሚጣሉበት ምክንያት የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ባቲ ማይነርን ዶ፣ ሚ ቢሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ቢሞል ብለህ ምታው። ይህ የሮክና የብሉዝ ጊታሪስት መጀመሪያ የሚማረው ስኬል ነው። ኖታው አንድ ነው። የሚለያቸው የትኛው ኖታ ላይ እንደሚያርፉና የትኛውን እንደሚያስጎነብሱ ነው። ድራም ሮክ ከወደደች ባቲ ላይ ልቀቋት። አንቺሆዬ ግን ሌላ ነገር ነው፦ ዶ፣ ሬ ቢሞል፣ ፋ፣ ሶል ቢሞል፣ ላ። እሱ ላይ ኮርድ ስትደረድርበት ይጨነቃል። የመጀመሪያው ዘፈን መግቢያ ላይ ግራ እጅህን አንሳና ስማው።

ቦሌ_አድማጭ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:15

እኔ በተቃራኒው ልናገር፣ በቅንነት ነው።

የኮንሰርት ዝግጅት ላይ እሠራለሁ። ባንድ ስናመጣ ገንዘቡን ለሚከፍለው ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት አለብን። "የሶማሌ ዜማ በሬጌ የሚጫወቱ የድሬ ልጆች" ብል ይገባዋል። "ሁሉንም የሚጫወቱ" ካልኩት ይጨነቃል። ሰውየው ምረጡ ያላችሁ ሙዚቃውን ጠልቶ አይመስለኝም። በሩ ጠባብ ስለሆነ ነው። በአንዱ ግቡ፣ ከገባችሁ በኋላ ሌላውን አውጡት። አምስት ዘፈን በአንድ መልክ ሠርታችሁ ስማችሁ ሲታወቅ ስድስተኛውን ማን ይከለክላችኋል?

ጓደኛችሁ ቤዝም ስህተት የለበትም። ሃያ ሰባት ዓመት ላይ ያለ ሰው የቤት ኪራይ ያስባል።

መጋላ_ነኝ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:40

ልጆቼ፣ እኔ ስኬል የምትሉትን አላውቅም። ልጆቹን ግን አውቃቸዋለሁ። ባለፈው ዓመት የጎረቤቴ ልጅ ስትዳር የተጫወቱት እነሱ ናቸው። ሙሽራዋ ሐረሪ፣ ሙሽራው አማራ ነው። ከጅግጅጋም ሶማሌ አማቾች መጥተዋል። እንዲህ ያለ ሠርግ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የአንዱ ወገን ሲዘፈን የሌላው ወገን ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ተራ ይጠብቃል። የዚያን ዕለት ሶማሌዎቹ ዳንቶ ብለው ሲነሡ ከወሎ የመጡት የሙሽራው አክስት እስክስታቸውን ይዘው መሃላቸው ገቡ። ምቱ ተቀብሏቸዋል። ማንም አልሳቀም፣ ማንም አላቆማቸውም። ልጅቷ ከበሮዋን ትንሽ ጠበቅ አደረገችላቸው እንጂ። አክስትየው ትከሻቸው ላብ በላብ ሆኖ ሲቀመጡ "ይሄ ዘፈን የየት ነው?" አሉኝ። "የዚሁ ነው፣ የድሬ" አልኳቸው።

የደቻቱ_ልጅ፣ አንተ ያኔ ኪቦርዱ ላይ አንገትህን ደፍተህ ነበር። አላየህም። እኔ አይቻለሁ።

ለገሃር_ጡረተኛ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:05

በምድር ባቡር 31 ዓመት ሠርቼ ወጥቻለሁ። ሽማግሌ ነኝና ከሥሩ ልጀምር።

ይህችን ከተማ የወለዳት ሐዲዱ ነው። በ1895 እዚህ ደረሰ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። እስከዚያ ድረስ የባቡሩ ዋና ከተማ ድሬ ነበረች። የከዚራን ሰፈር መሐንዲሶች ቀጥ ባለ መንገድ ሠሩት። የመጋላ ሰፈር በራሱ መንገድ አደገ። በመካከሉ ደቻቱ። የመኑም፣ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ሕንዱም መጥቶ ሱቅ ከፈተ። የሶማሌው፣ የኦሮሞው፣ የሐረሪው፣ የአማራው፣ የጉራጌው ልጅ በአንድ ቧንቧ ውሃ ቀዳ። በልጅነቴ አንድ ሻይ ቤት ደጃፍ ቆመን የዐረብ ኡድ፣ የሱዳን ዘፈንና የጥላሁን ገሠሠን ድምፅ ተራ በተራ እንሰማ ነበር። ማንም "ስልቱ ምንድነው" አላለንም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። አሊ ቢራ የድሬ ልጅ ነው። በ1950ዎቹ አፍራን ቀሎን ሲቀላቀል ገና ጎረምሳ ነበር። ቡድኑ የሰፈር ወጣቶች ያቋቋሙት ነው፤ በኦሮምኛ ለመዝፈን ተነሡ፣ ዘመኑ ከባድ ነበርና ጫናው ሲበረታ ተበተኑ። "ቢራ" የሚለውን ስም ያገኘው ከመጀመሪያ ዘፈኑ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሲፈካ ያለው ወቅት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያ ሰው በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በዐረብኛ ዘፈነ። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ሲያርፍ እኔ ቤት አምስት ቋንቋ የሚናገሩ ጎረቤቶች ተቀምጠው አለቀሱ። ሁሉም የራሳቸው ሰው እንደሞተባቸው ነው ያለቀሱት።

እዚህ ላይ ግን ልብ በሉ፣ ልጆች። አሊ ቢራ ኦሮምኛውን ሲዘፍን ኦሮምኛ ነው። ሐረሪውን ሲዘፍን ሐረሪ ነው። ቃሉን አያጎድልም፣ ወዙን አይነካም። ብዙ ያወቀው እያንዳንዱን በደንብ ስላወቀ ነው። እናንተ ሶማሊኛ የምትዘፍኑት ቃሉን ሁላችሁ ታውቁታላችሁ? አንተ ኪቦርድ፣ ኡድ ምን እያለ እንደሚዘፍን ታውቃለህ? ካወቃችሁ የቦሌውን ሰው ምክር ተዉት፣ ቀጥሉ። ካላወቃችሁ መጀመሪያ እሱን ተማሩ።

የደቻቱ_ልጅ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:30

አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጥያቄዎ ዕረፍት ነሥቶኛል። ሶማሊኛ እሰማለሁ። የመንገድና የገበያ ሶማሊኛ ነው። የግጥሙን ሶማሊኛ ግን ግማሹን አላውቀውም ነበር። ዛሬ ከሰዓት ወደ ኡድ ቤት ሄድኩ። በሙቀቱ ሰዓት ሁሉም ጋደም ባለበት፣ አባቱ ደጃፍ ላይ ሀሸራ (የቡና ገለባ ሻይ) ይዘው ተቀምጠዋል። የዘፈኑን ስንኝ አንድ በአንድ አስተረጎምኳቸው። ስለ ዝናብ የሚዘፍን መስሎኝ ነበር። ውሃ ፍለጋ የሄደች ግመልና ጠባቂዋን ነው የሚለው። ግመሏ ትመለሳለች፣ ሰውየው አይመለስም። እኔ እዚያ ስንኝ ላይ ለሰባት ዓመት ደስ የሚል፣ የሚዘል ነገር በኪቦርድ ስጫወትበት ኖሬያለሁ። ኡድ አንድ ቀን አልተናገረኝም። ለምን እንዳልነገረኝ ስጠይቀው "ደስ ብሎህ ስትጫወት ነበር" አለኝ።

ሳቢያን_ቤዝ፣ ግራ እጄን አንሥቼ ሞከርኩት። አንቺሆዬው ተነፈሰ።

ጁገል_በር · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:00

ከሐረር ነኝ። ስለ ዚክሪው ምት ልናገር። አልቆጣም፤ ግን ከልቤ ነው።

ዚክሪ ዘፈን አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ የሚደረግ ውዳሴና ጸሎት ነው። ከረቡ የምንለው ከበሮ ይመታል፣ ከበል የምንላቸው የእንጨት ማጨብጨቢያዎች ይገጫሉ፣ ሰው ተያይዞ ይወዛወዛል። እኔ ያደግኩት በአያቴ ጉልበት ላይ ተኝቼ ያንን ድምፅ እየሰማሁ ነው። ከበል ሲመታ ዛሬም የአያቴ ልብስ ይሸተኛል። ያንን ምት መጠጥ በሚጠጣበት ሆቴል ብሰማው አዝናለሁ። አትንኩት ማለቴ አይደለም። ሐረሪ ምቱን ለሠርጉም ለደስታውም ያውቅበታል፤ የሠርግ ከበሮ ሌላ ነው፣ ያንን ውሰዱ። ዚክሪውን ግን መጥታችሁ ተቀመጡና ስሙት። የሚያውቁ አባቶች አሉ። ጠይቋቸው።

ሌላም ነገር አለ። የአክስቴ ቤት ጁገል ግንብ ውስጥ ነው፣ የድሮው "ጌ ጋር" (የሐረሪ ባህላዊ ቤት) ነው። ግድግዳው ወፍራም የድንጋይ ነው። ነደባው (መቀመጫ መደቡ) በሙሉ ምንጣፍ ለብሷል። እዚያ ቤት ውስጥ ድምፅ አይጮህም፣ አይንጫጫም። ቆርቆሮ ጣራ ሥር ከምትቀዱ እዚህ ኑ። ከባጃጅ ጩኸትም ታርፋላችሁ፤ በግንቡ ውስጥ ያሉት መንገዶች አብዛኞቹ ጠባብ ናቸው። አክስቴ ፈቅደዋል። የጠየቁት "ልጆቹ ጫማ ያወልቃሉ?" ብለው ብቻ ነው።

ቀፊራ_ማለዳ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:10

ወሪያ! ሂዱ እንጂ!

የደቻቱ_ልጅ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1:50

ጁገል_በር፣ ይቅርታ አድርግልን። ዚክሪውን የወሰድነው ወደነው ነው፤ ግን ሳንጠይቅ ነው የወሰድነው። ድራም ጋር ትናንት ማታ አወራሁ። ሆቴል ከምንጫወታቸው ዘፈኖች ዝርዝር ዛሬውኑ አውጥታዋለች። "ጠይቄ ካልተፈቀደልኝ አልመታውም" ብላለች።

የቤቱ ነገር ደግሞ እንዴት እንደደረሰልን ልንገራችሁ። ትልቁ ፈተናችን የድሬ ሙቀት ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ክፍላችን ምጣድ ይሆናል። የብረት ክር ሲሞቅ ይላላል፣ ድምፁ ይወርዳል። የከበሮ ቆዳ ደግሞ በሙቀትና በድርቀት ይወጠራል፣ ድምፁ ይወጣል። ስለዚህ ቤዙ ወደ ታች፣ ከበሮው ወደ ላይ ይሄዳል። የእኔ ኪቦርድ ባለበት ይቆማል፤ በመደበኛው ቅኝት (ላ 440) ተወልዷል። ኡድ ፍሬት (አንገቱ ላይ የድምፅ መለያ መስመር) ስለሌለው ጣቱን ትንሽ አንሸራቶ ከሁላችን ጋር ይታረቃል። ሰባት ዓመት ሙሉ ያረቀን እሱ ነው። አንድ ቀን ድራም "ሁላችንም ለኪቦርድ የምንቃኘው ለምንድነው?" አለች። እውነቷን ነው። ኪቦርዱ ላይ መቃኛ ቁልፍ አለ፤ እኔ ወርጄ ኡድ ያለበት እደርሳለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልምምድ ስንጀምር ኡድ መጀመሪያ ይቃኛል፣ ሁላችን እሱን እንከተላለን።

ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ገባኝ። የስቱዲዮው ክፍል ውስጥ ያኔ ወደ ኪቦርዱ ቅኝት ተመልሰን ነበር። ቸኩለን ነው። ሰውየው የሰማው እኛን አልነበረም።

ሕግ_ተማሪ · ሐሙስ፣ ከረፋዱ 5:20

የሙዚቃውን ለባለሙያዎች ልተው። አንድ ነገር ብቻ ልጠቁም። ዘፈኑን ማን ደረሰው? ዜማውን ማን አመጣ? አሁኑኑ ጻፉት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ በኋላም ተሻሽሏል። የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። አንድን ሥራ ብዙ ሰው በጋራ ከሠራው መብቱ የጋራ ነው። የምታቀናብሩት ከሕዝብ የመጣ የቆየ ዜማ ከሆነ ዜማው የግላችሁ አይደለም፤ የእናንተ የሚሆነው አቀናባበራችሁ ነው። በራስ (ኢንዲ) ሆኖ መሥራት ማለት ይህን ወረቀት የሚጽፍላችሁ ኩባንያ የለም ማለት ነው። አንድ ደብተር ግዙ። የእያንዳንዱን ዘፈን ስም፣ ቀን፣ ማን ምን እንዳመጣ ጻፉ። አራታችሁም ፈርሙ። እየተዋደዳችሁ ሳለ ነው መጻፍ ያለባችሁ።

የቀድሞ_ጊታር · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:15

ከላይ ያለውን ምክር በእጥፍ እደግፋለሁ።

እኛም የልጅነት ጓደኛሞች ነበርን፣ አምስት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ። ዘጠኝ ዓመት ተጫወትን። የተለያየነው በአንድ ኪቦርድ ዋጋ ነው። ግማሹን ባንዱ፣ ግማሹን አንዱ ልጅ ከፍሎ ነበር። ማን ስንት እንደከፈለ ማንም አልጻፈም፤ ወንድማማች ምን ይጽፋል ብለን። ልጁ ሲያገባ ኪቦርዱን ሸጠው። እኔ ሠርጉ ላይ አልተገኘሁም። በሠርጉ ቀን ቤት ተቀምጬ ጊታሬን እየቃኘሁ እያላላሁ ዋልኩ። አሁን ሁለት ልጆች አሉት፣ አይቻቸው አላውቅም። ሁለታችንም አንድ ከተማ ነው የምንኖረው።

የደቻቱ_ልጅ፣ ስልት ኋላ ይመረጣል። ቤዝን ዛሬ ደውልለት። አዋሽ ላይ ከተናገረ ወዲህ ማን ደወለለት?

የደቻቱ_ልጅ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:40

ማንም።

አሁን ልደውል።

የደቻቱ_ልጅ · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3:00

ከለገሃሩ ፊት ለፊት ሻይ ይዘን እስከ እኩለ ሌሊት ተቀመጥን። ቤዝ አዲስ አበባ መሄድ የፈለገው ሬጌ ብቻ ለመጫወት አይደለም። እናቱ የኩላሊት ሕክምና ላይ ናቸው። በወር ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ያመላልሳቸዋል፤ ለእኛ አልነገረንም። "ለምንድነው ያልነገርከን?" ስለው "ባንዱ እንዳይፈርስ" አለ። ልክ ኡድ የግመሏን ነገር እንዳልነገረኝ።

ለቦሌ_አድማጭ የምመልሰው ይህን ነው። ምክርህ እውነት አለው፣ ተቀብለነዋል፤ ግማሹን። ሠርግና ሆቴል ስንጫወት ሰው የሚያውቀውን እንጫወታለን፣ ገንዘቡም ለቤዝ እናት መመላለሻ ይሆናል። ይህንን ደብተሩ ላይ ጽፈን ፈርመናል። የራሳችንን ዘፈን ግን አናሳንሰውም። እያንዳንዱ ዘፈን አንድ መሪ ይኖረዋል። ቃሉን አራታችንም ሳናውቅ አንጫወትም። የሚመጣው ሳምንት ሐረር እንወጣለን።

ሳቢያን_ቤዝ · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3:20

ጥሩ ማይክ አለኝ፣ ሁለት። ይዛችሁ ሂዱ። ስትመለሱ ትመልሱልኛላችሁ።

የደቻቱ_ልጅ · እሑድ፣ ከምሽቱ 2:00 (ከዘጠኝ ቀን በኋላ)

ተመልሰናል።

ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዳገቱን ስትወጡ ግን አየሩ ሌላ አገር ይሆናል። ደንገጎ ላይ ድራም ሹራብ አወጣች። ጫማችንን አውልቀን ገባን። የኡድ አባት አብረውን መጥተው ከፍ ያለው ነደባ ላይ ተቀመጡ። የጁገል_በር አክስት ሆጃ የሚባለውን የሐረር መጠጥ አፍልተው አቀረቡልን። ግድግዳው ላይ ሰፌዶቹ ተደርድረዋል። ኡድ አንዴ ቃኘ፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ አልተነቃነቀም። በሕይወቴ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ጁገል_በር ያስተዋወቀን አባት ስለ ዚክሪው ሰሙን። ምቱን ለብቻው፣ ያለ ቃሉ፣ መጠጥ በሌለበት ቦታ እንድንጫወተው ፈቀዱ። ለድራም አንድ ስህተቷን አረሙላት፤ ከበሉ ከከረቡ ጋር እኩል ሳይሆን ትንሽ ቀድሞ ነው የሚመጣው። እጇን ይዘው አሳዩዋት።

የግመሏን ዘፈን እንደገና ቀዳነው። እኔ የያዝኩት አንድ ኖታ ብቻ ነው፣ ረጅም። ቤዝ ሬጌውን አልተወም፣ ግን አውርዶ አቀዘቀዘው። ድራም የራሷን ዕቃ ድሬ ትታ ሁለት ጀሪካን ይዛ መጥታ ነበር። አንዱን ከጓሮ ቧንቧ እስከ ግማሽ ሞላችው። የኡድ አባት ሲያዩት ተነሥተው ከነደባው ወረዱና ምንጣፉ ላይ፣ አጠገቧ ተቀመጡ።

ቀረጻው ከታች አለ። 6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው። መጀመሪያ የምትሰሙት ውሃው ነው።